በቆርቆሮ የላኩልሽ ቪታሚን

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? እማዬስ እንዴት ናት፣ ጉልበቷን ተሻላት? ባልሽስ፣ ልጅሽ ሚጢጢስ? እኔ ለሥጋዬ ደህና ነኝ፤ ነፍሴ ግን ከትናንት ጀምሮ አንድ ቦታ አልረጋ ብላለች። እንደ ወጉ ሰላምታዬን ላብዛ ብዬ ብጀምር እጄ እምቢ አለኝ። በላኩልሽ ቆርቆሮ ውስጥ ካለው ቪታሚን ከአሁን በኋላ አንዲት ፍሬ እንኳ እንዳትውጪ። መጀመሪያ ተነሺና ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪው፤ ከዚያ መጥተሽ የቀረውን አንብቢ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደምታውቂው የምሠራው መድኃኒት ማከፋፈያ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ማሸግ ላይ ነው። ካርቶኑ የተጨፈለቀ ዕቃ ለገበያ ስለማይወጣ፣ ውስጡ ደህና ከሆነ ለሠራተኛው ይታደላል። እኛ ደግሞ ነፃ ከተባለ ምን እንተዋለን! ሦስት ወር ሙሉ አጠራቀምኩ። ዕቃውን ያደረሰልሽ መንገደኛ ሻንጣዬ ሞልቷል፣ ቀለል አድርገህ አምጣ ሲለኝ፣ ብልቃጡንም ወረቀቱንም ጥዬ ፍሬውን ሁሉ አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጥኩት። ነጩ፣ ብርቱካንማው፣ ለስላሳው ቢጫ፣ ሁሉም ተደባለቀ። በላዩም ላይ «ቪታሚን፣ ለብርታት፣ ጠዋትና ማታ» ብዬ ጻፍኩበት። ዶክተር ሆኜልሽ አረፍኩት! የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን ግን ከዚህ ሆኜ በምን ልልቀመው?

ባለፈው ደብዳቤሽ ማርገዝሽን ስትነግሪኝ በደስታ የምሆነውን አጥቼ ነበር። ቢጫዋን ፍሬ ወድጃታለሁ፣ አሁን ሁለት ነፍስ ስለሆንኩ ሁለት ሁለት እውጣለሁ ያልሽውንም አንብቤ፣ ጎበዝ እህቴ ብያለሁ። ትናንት ምሳ ላይ ይህንኑ በኩራት ለፋርማሲስታችን አወራሁላት። ወይዘሮ መነጽር ነው የምንላት፤ ቀልድ የማታውቅ ሴት ናት። ማንኪያዋን አስቀመጠችና ያችን ቢጫ ከነብልቃጧ ከመደርደሪያው እንዳመጣ ላከችኝ። ጽሑፉን አነበበች፣ ስንተኛ ወርሽ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ሦስተኛ ስላት ጽሑፉን እንደገና አነበበችው።

ለካ ቢጫዋ ቪታሚን ኤ ናት፣ ያውም መጠኗ ከፍ ያለ። ለእኔ ቪታሚን ሁሉ አንድ ነበር፤ በዛ ብሎ ማንን ይጎዳል እል ነበር። ወይዘሮ መነጽር እንዳስረዳችኝ ቢ እና ሲ የሚባሉት ሲተርፉ በአብዛኛው በሽንት ይወጣሉ። ኤ ግን አይወጣም፤ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል። ለዓይንም በሽታ ለመከላከልም የግድ ያስፈልጋል፤ ያጣው ሰው ሲመሽ ማየት ያቅተዋል። እርጉዝ ሴት ግን እንዲህ ያለውን ፍሬ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አብዝታ ከወሰደች ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል አለችኝ። ምኑን ብዬ ጠየቅኳት፤ ነገረችኝ። እሱን ለመጻፍ አቅም የለኝም። ማርም ሲበዛ ይመራል የሚሉት እውነት ነው።

ሊጎዳ ይችላል ማለት ጎድቷል ማለት አይደለም፣ ታቁም፣ ቶሎም ትታይ ብላኛለች። እኔም ይህችን ቃሏን ይዤ ነው ያደርኩት። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳትይ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቆርቆሮውንም፣ ከመደርደሪያው ብልቃጥ ልጬ ከዚህ ጋር ያያያዝኩልሽን ወረቀትም ይዘሽ ሂጂ፤ መጠኑ ተጽፎበታል። እንዳታፍሪ፣ ወንድሜ ነው የላከልኝ በያቸው፤ ስድቡን እኔ እችለዋለሁ። ለእርጉዝ የሚሆነውን ፎሊክ አሲድ እነሱው መጥነው ይስጡሽ። ጎመንና ካሮት ብይ፣ እሱ አይጎዳም ብላለች። ለሚጢጢም ከቆርቆሮው እንዳትሰጪያት።

ስልክሽ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው፤ ስንት ጊዜ እንደደወልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ለሚነሳ ሾፌር ሰጥቼዋለሁ፤ እጅሽ ላይ ሳያኖር ውሃ እንኳ እንዳይጠጣ ለምኜዋለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ትደነግጣለችና ይህን አትንገሪያት። አናጺውን ባልሽን ሰላም በይልኝ፤ ልቆጣህ ቢለኝ መብቱ ነው። ሚጢጢን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ሆድሽ ውስጥ ላለው ምን ብዬ ሰላምታ እንደምልክ ጨነቀኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ልጅ ሳለሽ ሽሮፕ ሲታዘዝልሽ፣ እማዬን ደስ እንዲላት ጠጣሁ እያልሽ አልጋ ሥር ትደፊው ነበር። እኔ ነኝ አሳብቄ ያስገረፍኩሽ። ቆርቆሮው ውስጥ የጨመርኩት ቢጫ ፍሬ ዘጠና ነው። የቀረውን ቁጠሪና ቁጥሩን ብቻ ላኪልኝ። እባክሽ እህቴ፣ ዋሽተሽኝ ይሁን።

ወንድምሽ
ከመጋዘኑ ማሸጊያ ክፍል፣ ግንቦት 11 ቀን