በጣሪያዬ ላይ ስለተኙት የአሸዋ ጆንያዎች

ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ ይልቃል፤
አሰብ፣ ሐምሌ ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም፤ እንዴት ሰነበቱልኝ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገዎ? ጤናዎን፣ በተለይም አንገትዎን፣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ጣሪያዬን ሊመረምሩ በመጡ ጊዜ እግርዎን ከደጃፍ አቁመው አንገትዎን ብቻ ወደ ውስጥ ስለላኩት፣ እንዳይቀጭ ሰግቼ ነው። ሊቀ መንበርን የሚያህል ሰው ለአደጋ አለማጋለጥዎ ጥበብ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ለመተኛትማ የልጄ ሚስት ሃኒያና የሰባት ቀን ልጇ ይበቃሉ።

ደብዳቤዬን በኅብረት ሱቁ በር ላይ መለጠፌን በድፍረት አይቁጠሩብኝ። በቢሮዎ በኩል የላክኋቸው እንዳልደረሱዎ ስለነገሩኝ፣ ስኳር የሚጠብቀው ሰልፈኛ አንብቦ በቃል እንዲያደርስልኝ ብዬ ነው።

፩ኛ፦ ዐምና ጠባቂዎችዎ ባሕሩን ከላይ ሆነው እንዲያዩ ብለው ጣሪያዬን በአሸዋ ጆንያ ስላስከበቡልኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ጠላት እስካሁን አልመጣም። ጣሪያው ግን በየቀኑ እየቀረበ ነው።

፪ኛ፦ የላኩት ኮሚቴ ጣሪያው የጎበጠበትን ምክንያት አጥንቶ፣ ጥፋቱ የባሕር ጨውና የምስጥ ነው ብሎ ወስኗል። አልዋሽም፣ ጨው ሚስማሩን በልቶታል፣ ምስጥም ጣሪያውን የተሸከመውን አግዳሚ እንጨት ቀምሶታል። ዳሩ ግን ሁለቱ ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሲበሉ ያላጎበጡትን እንጨት ጆንያዎቹ በአንድ በጋ አጎበጡት። ኮሚቴው ጆንያዎቹን ሳያይ መቅረቱ አይገርመኝም፤ ጥናቱን ሲጽፍ የተቀመጠው እነሱ ላይ ነበር።

፫ኛ፦ አግዳሚው ሲንጣጣ ሃኒያ ልጇን በሰውነቷ ከልላ ስታነጋ ባይ፣ ጎረቤቴ ወይዘሮ ዓባይነሽ የሰጠችኝን የመርከብ ጣውላ ከሥሩ አቁሜ በሽብልቅ አጠበቅሁት። መንጣጣቱ አቆመ፣ አራሷም እንቅልፍ አገኘች። እርስዎ ደግሞ ወዲያው፣ ቤቱ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ያለ ፈቃድ የቆመው ምሰሶ እስከ ቅዳሜ እንዲነሳ፣ አለበለዚያ በአሻጥር እንደምጠየቅ በማኅተም አስጠነቀቁኝ። ለፈጣን መልስዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለዓመት ያህል ስለ ጆንያዎቹ ብጮህ ያልተገኘው ማኅተም ለአንድ ጣውላ ከተፍ አለ!

በዚህ ሙቀት ከተማው ሁሉ አልጋውን አውጥቶ በግቢ ስለሚያድር፣ ጣሪያው ቢወርድም የሚጎዳው ሰው የለም ማለትዎን ሰምቻለሁ። እውነት ብለዋል፤ እኔም ከነጉልበት ሕመሜ የማድረው ከደጅ ነው። አራስ ግን አርባዋ ሳይወጣ ደጅ እንደማታድር የእርስዎም እናት ያውቃሉ፤ እርስዎን ያሳደጉት በዚሁ ሥርዓት መሰለኝ። ልጄ ደግሞ በከባድ መኪናው የአገር እህል ጭኖ አዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። ሚስቱንና ልጁን አደራ ያለው ለእኔ ነው፤ ለኮሚቴው አይደለም።

መድኃኒቱን ካልናቁ እነሆ፦ መጀመሪያ ጆንያዎቹ ይውረዱ። ቀጥሎ አግዳሚው በመኪና ክሪክ ቀስ እየተባለ ይነሳ፤ ባንድ ጊዜ ከገፉት ይሰነጠቃል። ከዚያ አዲስ እንጨት ከጎኑ ይታሰር። በነዳጅ ማጣሪያው የሚሠራው ንዋይ በዕረፍት ቀኑ ሊያግዘኝ ክሪኩን ይዞ ቆሟል። ከእርስዎ የምንለምነው አይሆንም አለማለትዎን ብቻ ነው።

እስከዚያው ግን ጓድ ሊቀ መንበር፣ ምሰሶውን አላነሳም። ቅዳሜ ሰዎችዎ ሲመጡ ጀርባዬን ለጣውላው ሰጥቼ ተቀምጬ ያገኙኛል። ሽማግሌ መጎተት ሥራ ቢሆንባቸው እንኳ ጮክ እንዳይሉ ይንገሩልኝ፤ ሕፃን ተኝቷል።

ጎንበስ ብዬ፣ ጣሪያው ከዚህ በላይ ቀና ስለማያስብለኝ፣ ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር፣
የእርስዎው ተከራይ
ዓብዱልዋሂድ

ማሳሰቢያ፦ በሕዝብ ንብረት ላይ ያለ ፈቃድ ምንም ነገር ማቆም ክልክል መሆኑን ከደብዳቤዎ ስለተማርኩ፣ ጠባቂዎችዎ ከግድግዳዬ ጋር ያቆሙትን መሰላል አንስቼዋለሁ። አልጠፋም፤ ከጣውላው ጎን ሁለተኛ ድጋፍ ሆኗል። መውሰድ የሚፈልግ ጓድ ቢኖር፣ መጀመሪያ አግዳሚውን በትከሻው ተቀብሎ ይውሰድ።