ከብርቱካን ልጣጭ ጋር የበሰለ የበሬ ጉንጭ

ውድ እማዬ፣

ወገብሽ እንዴት ሆነልሽ? አክስቴስ? የኦቨርኝ ብርድ ከፓሪሱ ይብሳል ሲሉ እሰማለሁና ምድጃው እንዳይጠፋባችሁ። እኔ ደህና ነኝ። አባዬም ደህና ነው፤ ማታ ማታ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍቶ ያያል። ፊደሌ ቢወላገድ አትደንግጪ፤ በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ከሰው አፍ ከምትሰሚው እኔው ልንገርሽ ብዬ ነው።

ከኮራንታን ቀብር በኋላ ትምህርት ቤት ተመለስኩ ያልኩሽ እውነት ነው፤ ግን ከምሳ በኋላ ክፍል አልገባም ነበር። በየቢስትሮው፣ በየትናንሹ ምግብ ቤት በር ላይ የተሰቀለውን የምግብ ዝርዝር ጥቁር ሰሌዳ እያነበብኩ እዞራለሁ። የወንድሜን አለቃ፣ አብሳዩን ሙሴ ፍሬሙን ስፈልግ ነው። ፖሊስ፣ ኮራንታን የምግብ ቤቱ ምድር ቤት ደረጃ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ ብሎ ነገሩን ሲዘጋው፣ ሰውየው ምግብ ቤቱን ሸጦ ጠፋ። እኔ ግን ወንድሜን ሳጥን ውስጥ ሲያስገቡት ከጆሮው በላይ ያለውን ጥቁር ቅስት አይቻለሁ። የመጥበሻ ጠርዝ እንጂ ደረጃ እንደዚያ ያለ ምልክት አይተውም።

የአብሳይ ስም በር ላይ አይጻፍም። ስለዚህ የምፈልገው ምግቡን ነበር፤ በቀይ ወይን የበሰለ የበሬ ጉንጭ፣ ከደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ጋር። ኮራንታን በዕረፍት ቀኑ በእኛ ምድጃ ላይ የፈጠረውን፣ አንቺ ቀምሰሽ ልጣጩ በዛ ያልሽውን። በሳምንቱ ፍሬሙ የራሱ አድርጎ በገዛ ሰሌዳው ላይ ጻፈው።

ስንት የማይረባ ቤት አየሁ መሰለሽ! ከፋብሪካ የመጣ ከረጢት ቀደው እያሞቁ ለቱሪስት የሚያቀርቡ፣ መረቃቸው እንደ ጫማ ቀለም የሚያብለጨልጭ። ኮራንታን ቢያያቸው በሚያወርድባቸው ስድብ ጆሮሽን ትይዢ ነበር።

ማክሰኞ ከሰሜን ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አንዲት ጠባብ መንገድ ውስጥ ምግቡን አገኘሁት። ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። ገባሁ። አስተናጋጇ ማዳም ሶላንዥ ትባላለች፤ ትምህርት የለም እንዴ የኔ ጌታ፣ ወይስ መምህርህን በላሃት? አለችኝ። ባንኮኒው ላይ ነጭ ወይን የሚጠጣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ተዪው ሶላንዥ፣ የምግብ መርማሪ እኮ ነው፣ ኮከብ ሊሰጥሽ መጥቶ ጢሙን ቤት ረስቶት ነው ብሎ ሁሉንም አሳቀብኝ።

ዕቅዴ ቀላል ነበር። ሳህን ሳይነካ ወደ ማድ ቤት ከተመለሰ አብሳዩ ራሱ ይወጣል፤ ለእነሱ ጥፊ ነው። አንድ ማንኪያ ቀምሼ ካረጋገጥኩ በኋላ ልመልሰው ነበር ሐሳቤ።

እማዬ፣ ኮራንታን ነበር። ራሱ ኮራንታን። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀርቦኝ አያውቅም። ማቆም አቃተኝ። እያለቀስኩ በላሁት፤ ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት፤ የመጣበትን የብረት ድስት ሳይቀር። ሶላንዥ ደስ ብሏት ሳህኑን በማድ ቤቱ መስኮት በኩል አሳየች። እሱም እየሳቀ ወጣ።

ፀጉሬን ዳበሰኝ። እናትህ አታበላህም እንዴ አንተ? አለኝ። ልጣጩን የጨመረው ማን ነው ብዬ ጠየቅኩት። እኔ ነኛ፣ በእንቅልፌ የመጣልኝ፣ ለማንም እንዳትናገር ብሎ ጠቀሰኝ።

ድስቱን በጆሮው አንስቼ አፉን መታሁት። ጥርሱ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ደገምኩት። አፍንጫው ተሰበረ። ልሠልስ ስል ቀኝ እጄን ያዘና ወደ ባንኮኒው ጀርባ ጎትቶኝ፣ እጄን የዳቦ መጥበሻው የጋለ ብረት ላይ ተጫነው። ደም እየተፋ አልጮኸም፣ አልተሳደበም። የለመደውን ሥራ እንደሚሠራ ሰው ዝም ብሎ ይጫናል። የቆዳዬ ሽታ መጣ። ከመሞቱ በፊት የኮራንታን ክንድ ላይ የነበረው ቃጠሎ እንዴት እንደተሠራ ያን ጊዜ አየሁት።

ያኔ ሶላንዥ፣ ልቀቀው አንተ አውሬ፣ አንዱን መግደልህ አልበቃህም ወይ? ብላ ጮኸች። ቤቱ በሙሉ ሰማ። የቧንቧ ሠራተኛው ወንበር አንስቶ ወንበሩ እስኪሰበር ጀርባውን መታውና አላቀቀኝ።

ለካ ሶላንዥ ከድሮው ምግብ ቤት ጀምሮ አብራው የምትሠራ ናት። ያየችውን ሁሉ ለፖሊስ ተናግራለች፤ የኮራንታን ጉዳይ እንደገና ተከፍቷል። አሁን ፍሬሙ መንጋጋው ታስሮ፣ እኔ እጄ ታስሮ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ተኝተናል። በእኔም በር ላይ ፖሊስ አለ። እሱ ሞቶ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽሽም።

ሐሙስ ጉዳዩን የምትመረምረው ዳኛ ታነጋግረኛለች። ጠበቃው የምትጠይቀኝን አስቀድሞ ነግሮኛል። ወንድምህ ክንዱ እንደዚያ ተቃጥሎ ሳለ፣ በሞተበት ሰኞ ጠዋት ለምን ወደዚያ ምግብ ቤት ተመለሰ? ቤታችሁ ውስጥ ቃጠሎውን ያየ፣ ቻለውና ሂድ ያለው ሰው ነበረ ወይ? ትለኛለች አለኝ። ማንም አላየም እላለሁ። ደብቆን ነበር፣ ፋሻውንም ራሱ ነው የጠቀለለው እላታለሁ። ትናንት ነርሷ ስትዘገይ የእኔን ፋሻ በአንድ እጄ ልጠቀልል ሞክሬ ነበር። የኮራንታንን ያህል አሳምሮ በአንድ እጅ መጠቅለል አይቻልም። ቢሆንም እንደዚያው እላለሁ፤ አንቺንም ከጠየቁሽ እንደዚያው በያቸው።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ። አክስቴን ሳሚልኝ።

የቀረልሽ ልጅሽ