ያልተበሳው ቦታ

ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን
ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ቤትሽን ይሙላው። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ኮምቦልቻ ዝናቡ ጣለ? ባለቤትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን። ብርዱም ለቆናል፤ ወደቡ ዳር ያሉት ዛፎች አብበው ሥራ ስሄድ እያስረፈዱኝ ነው። ቤቷ እየሄድኩ የምረዳት አሮጊት ገና በሩን ስከፍት፣ ዛሬም አበባ ስታዪ ነበር አይደል፣ ትለኛለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። በስልክ ቶሎ ወሬ ትቀይሪብኛለሽ፤ ወረቀት ግን እስከ መጨረሻው ታነቢያለሽ ብዬ ነው።

ልጃችን ኑስራ ትምህርቷን ልትጨርስ ነው። ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት አምስተርዳም ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ጥቁር ካባ የለበሱ ፕሮፌሰሮች ይጠይቋታል፣ ትመልሳለች፣ ከዚያ ዶክተር ትባላለች። ሰው የማታክም ዶክተር፤ የብርሃን ዶክተር በያት።

አንድ ቀን የምትሠራበት ወስዳ አሳየችኝ። ሊቲየም ናዮቤት የሚባል ሰው ሠራሽ ክሪስታል አለ፤ እሱን ከፀጉር በጣም የሳሳ ሽፋን አድርገው ያነጥፉታል። ዘወር ሲያደርጉት እንደ ርግብ አንገት ቀለሙ ይፈራረቃል። ከዚያ ዓይን የማያየው ቀዳዳ በረድፍ በረድፍ ይበሱበታል። ቀዳዳው በተደረደረበት ብርሃን ማለፍ አይችልም፣ ይመለሳል። ወደፊት የሰው መልእክት ሁሉ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ በብርሃን ይመላለሳል ትላለች። እኔ ግን በማይክሮስኮፕ ያነሱትን ፎቶ ሳይ ሳቄ መጣ፤ ቁርጥ እናታችን ታስጠልፈን የነበረውን የትራስ ልብስ!

ይህን ስነግራት፣ እንግዲያው ለመመረቂያ መጽሐፌ ሽፋን ጥለፊልኝ አለችኝ። ደስታዬን አትጠይቂኝ። ከሥራ መልስ ነጭ ጨርቅና ሰማያዊ ክር ይዤ መስኮቱ ሥር ቁጭ እላለሁ። ጀልባ ባለፈ ቁጥር የውሃው ብርሃን ጣሪያችን ላይ ይወዛወዛል፤ እሱን እያየሁ መርፌዬን እንደያዝኩ ሕልም ይወስደኛል። አንቺ አጠገቤ ሆነሽ ክር በጥርስሽ ስትበጥሺ አይሻለሁ።

ፎቶውን እያየሁ መሀሉ ላይ ስደርስ ግን ሦስት ቀዳዳ የጎደለበት ባዶ ቦታ አገኘሁ። ልጄ ተቻኩላ የረሳችው መሰለኝ። እናታችን የተዘለለ ጥልፍ አይታ አስፈትታን አልነበር? እኔም ሦስቱን አሳምሬ ሞልቼ ሰጠኋት።

ኑስራ አይታው መሬት ላይ ቁጭ ብላ ፍንጭቷ እስኪታይ ሳቀች። ፍንጭቱ ከማን እንደመጣ ታውቂያለሽ። ከዚያ አስረዳችኝ። ባዶው ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ብርሃኑ በሌላው ሁሉ ስለሚከለከል እዚያች ያልተበሳችው ቦታ ላይ ይሰበሰባል፣ ይቆያል። "እማ፣ የስንት ዓመት ሥራዬ እኮ እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ ደፈንሽብኝ" አለች። እየሳቅን አብረን ፈታነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እዚህ አገር ተማሪው ሲፈተን እንደ ሙሽራ ሚዜ ሁለት የቅርብ ሰው ግራና ቀኝ ይቆምለታል። በቀኝ እኔ ነኝ። ለግራው ጀናት፣ አብሮ አደግ ጓደኛዋ፣ ቀሚስ ሁሉ ገዝታ ነበር፤ ኑስራ ግን ቦታው ተይዟል አለቻት። በማን ብዬ ጠየቅኋት። የፈታነውን ክር እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣

"አክስቴ ትምጣ። ካልመጣች ባዶውን ይቆያል፤ ማንንም አላቆምበትም" አለች።

ወላሂ እኔ ምንም አልነገርኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፣ አየኋት፣ ከዚያ ክሩን መጠቅለላችንን ቀጠልን። ሕፃን ሆና ካስታቀፍሽኝ ጀምሮ ስፈራው የኖርኩት ቀን ያ ከሆነ፣ እንዴት ቀለል ብሎ መጣ መሰለሽ። ልቤ ውስጥ መስኮት የተከፈተ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ እህቴ፣ ባለፈው ነይ ስልሽ ሱቁን አልሽ፣ ከዚያ በፊት ሠርጉን አልሽ፣ አሁን ጉልበቴን እንዳትዪኝ። የግብዣውን ወረቀት ኼሜንቴ ሄጄ፣ ያው ማዘጋጃ ቤት በይው፣ አስፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለባለቤትሽ የእህቴ ልጅ ልትመረቅ ነው በይው፤ እስከ ዛሬ እንዳልሽው። የቀረውን አላህ ያውቃል። ረመዳንን እዚያው ጹሚና ለዒድ ድረሺልን። ቀሚስ አታምጪ። ከዘ ሄግ ገበያ አንድ ዓይነት ጨርቅ ገዝቼ ለሁለታችን አሰፍቻለሁ። ያንቺን ኑስራ ላይ ለካሁት፤ ልክሽ እሷ ናት።

አላህ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ዓይን ለዓይን ያገናኘን፣ አሚን።

ስኺፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ የምትቀበልሽ ኑስራ ናት። ብቻዬን ልሂድ ብላኛለች። ምን ብላ እንደምትጠራሽ አልጠየቅኳትም።

እህትሽ