በሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 6

ዛሬም ፊቴን ሳልታጠብ ደንበኛዬ ደወለች። «የኔ ነገር ምን ደረሰ ጌታዬ?» ከትናንት ማታ ወዲህ ምን ይደርሳል? መዝገቡ ተኝቶ ነው ያደረው፣ እንደኔ እንደ ጠበቃዋ። እኔና ጸሐፊዬ «እመት አሁኑኑ» ብለን ስም አውጥተንላታል። ሚስቴማ «እሷን ነው እንዴ ያገባኸው?» እያለች ትስቃለች።

ግን ሴትዮዋ እውነቷን ነው። ባሏ ከቤት ወጥቶ ከቀረ ስድስት ዓመት አለፈው። ፍርድ ቤት «ጠፍቷል» ብሎ ካልወሰነላት አሁንም ሚስቱ ናት። ቤቱን ሸጣ፣ ልጇን ይዛ ከዚህ ከተማ መሄድ አትችልም። ከሰዓት ቢሮ መጥታ «ተመልሶ ቢመጣስ?» አለችና ክንዷን አሳየችኝ። አይዘረጋም። እሱ ነው የሰበራት...

ረቡዕ፣ ኅዳር 14

ፍርድ ቤቱ ያዘዘው ማስታወቂያ ከባሏ ፎቶ ጋር ጋዜጣ ላይ ወጣ። እሱ ራሱ፣ ወይም ያለበትን የሚያውቅ ሰው ይቅረብ ይላል። የት? «የኔን አድራሻ እንዳይጽፉ፣ በልጄ ይዤዎታለሁ» ስትለኝ የቢሮዬን ጻፍኩ። ምን ችግር አለው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 15

ቡናማ ኮት የለበሰ ሰው በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁ።

«ሰውየውን ለምን አላስገባሽውም?» አልኳት ጸሐፊዬን።

«የቱን ሰውዬ ጋሼ?»

ዞር ስል ወንበሩ ባዶ። «ትንሽ እረፍት ይውሰዱ» አለችኝ። ይሆናል። ያ ስልክ ቀኑን ሙሉ አናቴን ሲበጠብጠው ነው የዋለው።

ሰኞ፣ ኅዳር 19

ተመልሶ መጣ። ዛሬ በደንብ አየሁት። ፎቶው ላይ ኮቱ አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ዛሬም እዚያው ላይ ጎድሏል። ያው ጺም፣ አንድም ሽበት የለው። ጸሐፊዬ እግሩ ሥር ወለሉን ጠርጋ አለፈች... ቀናም አላለች።

«ጠራችሁኝ፣ መጣሁ» አለ። ድምፁ ትሁት ነው። «ነገ ችሎት ላይ ለዳኛዋ መምጣቴን ይንገሩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«የሚጠራኝ አልነበረም።»

ፈራሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ፈራሁ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ እመት አሁኑኑ። «ማንም አልመጣም አይደል?» ምን ልበላት? «አይዞሽ» ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 20

ዳኛዋ ጠየቁኝ። «በማስታወቂያው መሠረት የቀረበ ሰው አለ?»

ሰውየው ከኋላ ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያየኛል። እሷ አጠገቤ ናት፣ ያን ክንዷን አቅፋ። እሱን አላየችውም። መጣ ብል ነገሩ ሁሉ ይበላሽባታል። ዝም ብል ደግሞ ዳኛዋ ይጠብቃሉ...

«የለም» አልኩ። «ማንም አልመጣም።»

ተወሰነላት። ስንወጣ እጄን ይዛ አለቀሰች። ዞሬ ሳይ ሰውየው የለም። ደግ አደረግኩ። ነገም ብጠየቅ ያንኑ እላለሁ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 21

ሚስቴ አኩርፋኛለች። ብጠራት አትመልስም። ትናንት ምን አደረግኳት?

ሐሙስ፣ ኅዳር 22

ኩርፊያ አይደለም። ጠዋት አጠገቧ ቆሜ ለእህቴ በስልክ «ፍርድ ቤት እንደሄደ አልተመለሰም» ስትላት ሰማሁ። እያለቀሰች።

ወደ ቢሮ ሮጥኩ። «ደህና አደርሽ» አልኳት ጸሐፊዬን። ቀና አላለችም። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ስልኩ ጮኸ። ያ ሲያስመርረኝ የከረመ ስልክ... እንዴት ደስ እንዳለኝ።

«እንኳን ደስ አለዎት እመቤቴ» አለች ጸሐፊዬ። «ሊያመሰግኗቸው ነው? እኛም ግራ ገብቶናል። ከማክሰኞ ጀምሮ የት እንደገቡ አናውቅም።»

«አለሁ እኮ» አልኩ። ተነስቼ ጠረጴዛዋን መታሁ። «እዚሁ ነኝ። ንገሪያት።»

ቀና ብላ ወደ በሩ አየች።

«የለም እመቤቴ» አለች። «ማንም አልመጣም።»

ወደ ወንበሬ ተመለስኩ።