ከሐሚዳ ክንድ የተገዛ

ኮኪት
የካቲት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለስመኝ፣ ለቤቴ ምሰሶ፤

ልጅሽ ደህና ናት። ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ ስለ ራሱ ጤና ያወራል፤ እኔ ግን ዓይንሽ በወረቀቱ ላይ እየሮጠ የሚፈልገው ይህንን ብቻ እንደ ሆነ ስለማውቅ ከዚሁ ጀመርሁ። አገኘሽ ደህና ናት። ምናልባት ይህን ስታነቢ ጉልበትሽን ተደግፋ፣ "ይቺ ለ ናት፣ ይቺ መ ናት" እያለች ታስቸግርሽ ይሆናል። ነጋዴው ኸሊል ከግመሉ ላይ አውርዶ በእጅሽ ያስረክብሻል።

"ጀምበሩስ?" ትያለሽ። "ልጄን ለነጋዴ ሰጥቶ እሱ ምን ይዞት ቀረ?"

እመለስበታለሁ። መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ። ሐሳቤ እንደ በጋ ወንዝ እየተቆራረጠ እዚህም እዚያም ያቁራል፤ አንቺ አያይዢው።

እናትሽን ልታስታምሚ ወደ ገዳሪፍ ስትሻገሪ ቶሎ እመለሳለሁ ብለሽ ነበር። ድንበሩ ከኋላሽ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ በመተማ በኩል የመድፍ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ አልመጣም። መድፉ ሲያጓራ ልጅቱ "እማዬ ያለችበት ነው?" ትለኛለች። "አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ነው" እላታለሁ። ወዲህ ምን እንዳለ፣ ወዲያ ምን እንዳለ እኔም አላውቅም ነበር።

ከገና በኋላ ፈንጣጣ ገባ። ጦር የሚያልፍበት አገር ነው፤ ማን እንዳመጣው አልተጠየቀም። ኸሊልም በሚስጥር መንገድ ሄዶ ሲመለስ፣ ገዳሪፍም ገብቷል ብሎ ነገረን። እዚህ ብትቀመጥ ፈንጣጣ፣ መንገዱ ተከፍቶ ወደ አንቺ ብትሻገር ፈንጣጣ። ልጅቱን ከፊቴ አስቀምጬ ፊቷን እያየሁ ብዙ ጊዜ እቆይ ነበር። ምን ታየኛለህ ትላለች። ምንም እላለሁ።

በዚህ መካከል የጎረቤታችን የረቢዓ ልጅ፣ ትንሿ ሐሚዳ ታመመች። ግን እንደ ምሕረት ነበር የያዛት። ክንዷና ሆዷ ላይ ጥቂት ፍሬ አውጥታ ወዲያው ገንፎ አምጡ አለች። በዚያው ሳምንት ከታች ሰፈር ሁለት ልጆች ተቀበሩ።

ረቢዓ በአጥሩ ላይ ጠራችኝ።

"አያ ጀምበሩ፣ ሳያልቅብህ ና ግዛ።"

"ምኑን?"

"ፈንጣጣውን ነዋ! እንዲህ ያለ ለስላሳ ፈንጣጣ ዘንድሮ ከየት ይገኛል?"

በእናቷ አገር በሱዳን በኩል የሴቶች ሥራ ነው አለችኝ። ቀላል ፈንጣጣ የወጣበት ልጅ ቤት የጤነኛው ልጅ እናት ትመጣለች፤ የጥጥ ጨርቅ በታማሚው ክንድ ላይ ትጠመጥማለች፤ ከዚያ እንደ ገበያ ትከራከራለች። እያንዳንዷ ፍሬ ዋጋ አላት። እናቲቱ የገዛችው ያህል ብቻ ልጇ ላይ ይወጣል ይላሉ። ስምምነቱ ሲያልቅ ጨርቁን ፈትታ ወስዳ በልጇ ክንድ ላይ ታስራለች። በደጋ በእኛ ዘንድ ክንድ በጥተው የሚከትቡ አዋቂዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ግዢ ግን ሰምቼ አላውቅም።

"የአገኘሽ እናት እኮ ወጥቶባታል" አልኋት። "ከሷ ጡት ጠጥታ አድጋ የለም?"

ሳቀች። "የጡት ጋሻ ጡት እስኪጣል ነው። ከዚያ ወዲያ ገላ ራሱ መማር አለበት።"

ስመኝ፣ እኔ የደንቢያ ሰው ነኝ። ከታመመ ልጅ ቤት ገብቼ፣ ልጅቱ በጠፍር አልጋዋ፣ በአንገረቧ ላይ ተጋድማ በትልልቅ ዓይኗ እያየችኝ፣ እንዴት ዋጋ እከራከራለሁ? እናቴ በልቅሶ ቤትና በሕመምተኛ ቤት ድምፅ ከፍ አይደረግም ብላ ነው ያሳደገችኝ። ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ይጠብቁኛል። ጨርቁን ጠመጠምሁ።

"እህሳ" አለች ረቢዓ የገበያ ፊቷን አጥቁራ። "ለአንዷ ፍሬ እፍኝ ቴምር እፈልጋለሁ። ስንት ትወስዳለህ?"

"እናንተ ካላችሁት አልወጣም" አልሁ።

ረቢዓ ሴቶቹን ዞራ አየቻቸው።

"እኔ ያለውን በሙሉ ውሰድ ብልህስ?"

"ይሁን፤ ምን ክፋት አለው" አልሁ። ለሰው ቤት እንዲህ ነው የሚመለሰው፤ እንዲህ ነው የተማርሁት።

ጩኸት ሆነ። አሮጊቷ ኩብራ ጉንጫቸውን ነጩ። "ያ ሳትር! ጌታ ይሰውር! ልጁን በይሉኝታ ሊገድላት ነው እኮ! ይኸን ሰው ማን ገበያ ይልከዋል? በሬ ሸጦ ዶሮ ይዞ ይገባል!"

ረቢዓ ከቤት ገፍታ አስወጣችኝ። "ውጣ! ውጣና እንደ አዲስ ግባ! ያልኸው አልተባለም፤ ማንም አልሰማም!"

ወጥቼ ገባሁ። ሁለተኛው ላይ ራሷ ሻጭ ራሷ ገዢ ሆና ተከራከረችልኝ። "ሃያ!" ትላለች፤ ዞር ብላ ደግሞ በእኔ ድምፅ፣ በደጋ ዜማ፣ "ሦስት! በማርያም ከሦስት አላልፍም!" ትላለች። የታመመችው ሐሚዳ እንኳ ሳቀች። በአምስት ተስማማን። ተስማሙ ልበል።

መጀመሪያ ያልሁት "ይሁን" ግን ከአፌ ወጥቷል። ከዚያ ቤት ስወጣ የት ሄዶ እንደ ተቀመጠ አላየሁም።

ልጅቱን በማሳው ዳር ወዳለችው የማሽላ ጠባቂ ጎጆ ወሰድናት። ረቢዓ ጨርቁን በክንዷ ላይ አስራ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተስ? ወጥቶብህ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እንግዲያ እሷን ለእኔ ተውና ከዛፉ ወዲያ ሁን፤ እኔ በልጅነቴ ወጥቶብኛል። የተገዛው ለተገዛላት ይቀላል። ከሷ በትንፋሽ የሚሻገረው ግን ያልተገዛ ነው፤ ዋጋ አያውቅም።"

ከዛፉ ወዲያ ሆንሁ። አገኘሽ አላለቀሰችም። ቀኑን ሙሉ በጎጆዋ በር በኩል ዝም ብላ ታየኛለች። አንቺ ስትሻገሪ ያየችሽን አስተያየት ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ ሰው እንዲርቃት አልፈለግሁም።

ገባሁ።

ሳምንት ያህል ምንም አልነበረም፤ ተረት አወራኋት፤ በእንጨት አመድ ላይ ፊደል ጻፍን። ከዚያ ትኩሳቱ መጣ። ጨርቅ ነክሬ ግንባሯ ላይ ላደርግ ስል ረቢዓ እጄን ያዘችኝ።

"እሳቱ የራሷ ነው። ጠላት እንዳይደበቅ ሣሩን እያቃጠለች ነው። ከንፈሯን አርጥብ፤ እሳቷን ተውላት።"

ብብቷ ሥር ንፍፊት ወጣ። ስነካው እንደ ባቄላ ከጣቴ ይሸሻል። ደነገጥሁ።

"ሰፈራቸው ነው" አለች ረቢዓ። "እዚያ ይሰበሰባሉ።"

"እነማን?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አያ ጀምበሩ! የሚሰበሰቡት ናቸዋ።"

የሚሰበሰቡት። ከዚያ ወዲያ በቀትር ሙቀት አጠገቧ ጋደም ባልሁ ቁጥር አያቸዋለሁ። ሕልም ይሁን ማሰብ አልለየውም። በገላዋ ውስጥ አገር አለ፤ እንደዚህ እንደኛው ቆላ ነው። ቀይ ወንዝ በዝግታ ይሄዳል። በወንዙ ዳር ስም የሌላቸው ሰዎች ይመላለሳሉ። ያገኙትን ሁሉ እንደ ዓይነ ስውር በእጃቸው ይዳስሳሉ፤ ፊቱን፣ ትከሻውን፣ የልብሱን ጠርዝ። ከእኛ ነህ? ይሉታል። ከእነሱ ካልሆነ ይውጡታል።

በጨርቁ የገባው እንግዳ ግን አታለላቸው። እንደ ቤተኛ ሰላም ብሎ ገባ፤ ማደሪያ ለመነ፤ ሰጡት። አንዱ ብቻ ተጠራጠረና ከእንግዳው ልብስ ቁራጭ ቀድዶ ወደ ሰፈሩ ሮጠ። በሰፈሩ ያሉት ቁራጩን እየተቀባበሉ ያዩታል። ይህን የሚያውቅ ማን አለ? አይ፣ እኔ አላውቅም። እኔም። ብዙ ሺህ ሰው አላውቅም ይላል። በመጨረሻ ከጥግ የተቀመጠ አንድ ዝምተኛ ይነሣል። ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራው የኖረው ወጥመድ፣ ለምን እንደ ሠራው ሳያውቅ የሠራው፣ ለዚያ ቁራጭ ልክ ነው። ያኔ ዝምተኛው ሁለት ይሆናል። ሁለቱ አራት። ሁሉም በአንድ ፊት፣ በአንድ ዝምታ፣ ያንኑ ወጥመድ ተሸክመው ወደ ወንዙ ይወርዳሉ።

ግን ጊዜ ይፈጃል። ያባነነኝ እሱ ነበር። ወጥመዱ እስኪበዛ ጊዜ ይፈጃል፤ እንግዳው ደግሞ አይጠብቅም፤ እሱም ይራባል። ጥቂት አድርጎ መግዛት ለካ ጊዜ መግዛት ኖሯል። እኔ ደግሞ "ይሁን" ብያለሁ።

በዚያው ሰሞን የጣሊያን ካሚዮኖች ከመተማ ተነሥተው በጎንደር መንገድ ወደ ደጋ አለፉ። አቧራቸው ጎጆዋ ድረስ ገባ። ለቀቀ! ለቀቀ! እያለ ሰው ሁሉ ሊያይ ወጣ። እኔ አልወጣሁም። የልጅቱን ክንድ እያየሁ ነበር።

መጀመሪያ ጨርቁ የታሰረበት ላይ ወጣ። ከዚያ አንገቷ ላይ አንዲት። ከዚያ ጠበቅሁ። ጠዋት ጠዋት ገላዋን እያገላበጥሁ ያንን "ይሁን" ፈለግሁት፤ ከጀርባዋ፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ከእግሯ ጣቶች መካከል። አልመጣም። እኔ ሰባት ናቸው አልሁ፤ ረቢዓ ተቆጣች። "ሁለቱ የትንኝ ናቸው! ከአምስት በላይ አልሸጥሁልህም!"

እሳቱ በራሱ ጊዜ ጠፋ። ልጅሽ ነቅታ ቴምር ለመነች።

ቅርፊቱ ሁሉ ረግፎ ሲያልቅ ክንዷ ላይ አንዲት ጎድጓዳ ነጥብ ቀረች። በጣቷ እየነካካች፣ "እንደ እማዬ ፊት ናት?" አለችኝ።

"አዎ፤ እንደ እማዬ።"

"እንግዲያ ስታየኝ ታውቀኛለች።"

አሁን ገዳሪፍ ያለው ሰው ሁሉ ቢታመም እሷን አትደብቂያት። ዝምተኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው አብዛኞቹ ሄደዋል፤ ጥቂቶቹ ግን በሰፈሩ ቀርተዋል፤ ዕድሜዋን ሁሉ ይቀመጣሉ። ያ እንግዳ አርጅታ ሳለች ተመልሶ ቢመጣ እንኳ አረማመዱን ከሩቅ ያውቁታል። ለሌላው በሽታ ግን አያገለግሉም፤ ለወባ የሚነሡት ሌሎች ናቸው። ስለዚህ አጎበር አትርሺ።

እኔ።

ከትናንት ወዲያ ልጅቱን ወደ ረቢዓ ቤት አሻገርኋት። ልብሷን በሙሉ ቀይረን፣ ገላዋን በአመድ ውኃ አጥበን። ስትሄድ ዞር ብላ ነይ በለኝ አለች፤ አላልኋትም። ወገቤን ትንሽ ያመኛል። ማሽላ ስወቃ ነው እላለሁ፤ ማሽላው ግን ተወቅቶ ካለቀ ቆይቷል። በየካቲት ፀሐይ ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ። ፊደሉ ቢንጋደድ ወረቀቱ የስኳር መጠቅለያ ስለሆነ ነው። ረቢዓ ውኃና አጥሚት ታስገባልኛለች። መቀለድ ትታለች፤ ይኸ ብቻ ነው ያልወደድሁት።

አንዳንዴ አስባለሁ። ልጅቱ የራሷን አምስት ወስዳለች። የቀረው፣ ያ መጀመሪያ የተስማማሁበት፣ ባለቤቱን ይፈልጋል። እንዲህ ማሰብ ሞኝነት ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን ግን የሌላ ወንዝ ድምፅ እሰማለሁ፤ የራሴን። እዚያም ሰዎች ይመላለሱ የለም? አንዱ ቁራጩን ይዞ እየሮጠ ይሆናል። መንገዱ ረጅም ነው። ይሩጥ።

በዚህ ሰሞን እዚህ አገር ሰው በር ላይ ቆሞ የሚታየው ፊቱ ነው። የተጠቃጠቀው ይገባል፤ ለስላሳው ይመለሳል። አንቺ ነጠላሽን እስከ ዓይንሽ ታወርጂ ነበር። አሁን ኮኪት ብትመጪ አንቺን ከየትኛውም በር የሚመልስ የለም። ለንግሥት እንደሚከፈት በሩ ሁሉ ይከፈትልሽ ነበር።

ይህን ወረቀት ረቢዓ በፀሐይ ላይ አስጥታ ነው የምትሰጠው። አንቺ አንብቢው፤ እናትሽ ግን እንዳይነኩት፤ ከዚያ አቃጥይው። ኸሊል አያሰጋም፤ በልጅነቱ ወጥቶበታል። እናትሽን ትተሽ ተነሺ አልልሽም። አንድ ልጃቸው ነሽ። እኔ ወገቤን ብቻ ነው ያመመኝ።

ጎዳናው ለልጄ ቀና ይሁንላት። እናትሽን በእግራቸው ያቁምልሽ። የሚያድርበትን ቤት ሳይጠየቅ የሚጠብቅ አምላክ ገላሽን፣ ገላዋን፣ የእኔንም ይጠብቅ። አሜን።

ያንቺው
ጀምበሩ

ኸሊል ሲሄድ ሰሊጥ ጭኗል። ወደ ኮኪት ሲመለስ ግን ልጅቱ የተቀመጠችባት ግመል ጭነት የላትም፤ ባዶዋን ነው የምትመጣው። እንዲሁ ልንገርሽ ብዬ ነው።