ከላውንድሪው ክፍል ስለተጣለው መደርደሪያ

ለተከበሩ አቶ አለምሰገድ፣
የሕንጻችን ሥራ አስኪያጅ፣
ግሌንዴል

ጤናዎ እንደ ሕንጻችን ማሞቂያ አንዴ መጣ አንዴ ሄደ ሳይል ዓመቱን ሙሉ እንዲጸናልዎ እየተመኘሁ፣ በላውንድሪው ክፍል «ልዋጭ» የሚል ወረቀት የለጠፍኩበትን መደርደሪያ ከነዕቃው ባለፈው ማክሰኞ ስላስጣሉልን ምስጋናዬን በአደባባይ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ዕቃው «ባለቤት የሌለው ቆሻሻ» መሆኑን በማስታወቂያ ስላሳወቁን። እኛ ሳናውቅ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ በተወው ድስት ሌላው ሲያበስል፣ ለአንዱ ልጅ ያጠረው ሱሪ ለሌላው ሲታጠፍለት ኖረናል። እኔማ ንባብ የተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቅዳጅ ስለሆነ፣ የሚጣለውን ከማይጣለው መለየት ቢያስቸግረኝ አይፍረዱብኝ።

ሁለተኛ፣ ከድካም ስለገላገሉኝ። ከመደርደሪያው ያነሱት ልብስ ዚፑ የተበላሸ ወይም አዝራሩ የጎደለ ሲሆን፣ ጎረቤቶቼ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ በሬን ያንኳኩ ነበር። ከላይ ያለችው ሓዋ የሕፃኗን ጃኬት ሰፍቼ እስክጨርስ ተቀምጣ ስለ እናቷ ታጫውተኝ ነበር። ከማክሰኞ ወዲህ ያንኳኳው የእርስዎ ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ተሳስቶ ነው።

ሦስተኛው ምስጋና አልመጣልኝም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ቡናማ ካፖርቱን ሁለት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ አቆየሁት። አምና የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል ወስጄ መደርደሪያው ላይ አኖርኩት፤ ጎረቤታችን አቶ እድሪስ ወሰዱት። ጠዋት ጠዋት ወደ አውቶቡስ ሲሄዱ በመስኮት አያቸዋለሁ። ትከሻው ትንሽ ሰፍቷቸዋል። ቁም ሳጥን ውስጥ ሳለ የሞተ ሰው ካፖርት ነበር፤ አሁን በየቀኑ ሥራ ይሄዳል።

ስለዚህ መደርደሪያው ወደ ቦታው እንዲመለስልን በትሕትና እለምናለሁ። ጣውላው ተሰብሮም ከሆነ አያስቡ፣ እጠግነዋለሁ።

ገና ካልተጣለ አክብሮት ጋር፣
ጌጥነሽ፣ ከምድር ቤት፣ ከላውንድሪው አጠገብ

ማሳሰቢያ፦ ቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ከዚያው መደርደሪያ የወሰዷት ናት፤ ገመዷን የቀየርኩላት እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን የጻፉት በእሷ ብርሃን ከሆነ፣ በደንብ አብርታልዎት እንደሆነ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። ቀን ሁልጊዜ ቤት ነኝ፤ ማንኳኳት ብቻ ነው።