የተራራው መስመር ስምሪት

ውድ ወንድሜ፣

ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የተራራውን መስመር የከለከለህ ሽማግሌው አይደሉም፤ እኔ ነኝ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት፣ ስለ ጤናህና ስለ ልጆችህ መጠየቅ ከጀመርኩ እንደ ልማዴ እዚያው ስዞር እውላለሁ ብዬ ስለ ፈራሁ ነው። አሁን ወረቀቱን ቀደህ ብትጥለውም ዋናውን ሰምተሃል። ካልጣልከው ግን ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

እንደምታውቀው እኔ የስድስተኛ ክፍል ሰው ነኝ። በዕድሜዬ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የሾፌር ስም፣ የሰሌዳ ቁጥርና የመነሻ ሰዓት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ስምሪት ጽፌ ቢሮው በር ላይ ስለጥፍ ሾፌሩ ሁሉ ይከበኝ ነበር። አንዱ "ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ" ይላል፤ ሌላው "ይቺ እጅህ ትቆረጥ" ይላል። አንተ ግን ከላይ እስከ ታች ታነብና፣ ስምህን ያው ፋብሪካው መስመር ላይ ስታገኘው፣ "ደህና ዋል ጋሼ" ብለኸኝ ትሄዳለህ። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር።

ሽማግሌው ድርጅቱን ሲያቋቁሙ ያሏቸው ሁለት አሮጌ አውቶቡሶች ብቻ ነበሩ። አንዷ ስትበላሽ መለዋወጫው የሚፈታው ከሌላዋ ስለሆነ፣ ሁለቱ አብረው መንገድ ላይ ታይተው አያውቁም እየተባለ ይቀለድ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ይነዳሉ፣ እኔ ጎማ እጠግናለሁ። ጽሕፈቴ ይነበባል ብለው ስምሪት ላይ ያስቀመጡኝ እሳቸው ናቸው። ኋላ የተራራው መንገድ ለአውቶቡስ ሲፈቀድ የድርጅቱ ስም ገነነ። ስድስት ሰዓት ጠመዝማዛ፣ በአንድ በኩል ግድግዳ፣ በሌላው ገደል። "የተራራ ሾፌር" መባል ሹመት ነበር። የፋብሪካው መስመር ግን አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ናት፤ በቀን ስምንት ጊዜ ሄዶ ስምንት ጊዜ መመለስ። "መወርወሪያ" ብለው ስም ያወጡልህ ለዚያ አይደል? በሸማኔ እጅ እንዳለችው፣ ወዲያ ወዲህ።

ድርጅቱ አንተን የቀጠረህ ዕለት ቤታችን ስገባ እህትህ ሳህን እያጠበች ነበር። ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ፣

"ተራራ እንዳታወጣው" አለችኝ።

"ማንን?"

"ማንን ትለኛለህ? አባቴን የበላ መንገድ ነው። ያለኝ አንድ ወንድም ነው። ማልልኝ!"

"ለምን ሲለኝስ?"

"የፈለግከውን በለው። የኔን ስም ግን እንዳታነሳ። ፈሪ አድርጋ አስቀረችኝ እንዲለኝ አልፈልግም።"

ማልኩላት። አባታችሁ ከነጭነት መኪናቸው ገደል ሲገቡ አንተ የአራት ዓመት ሕፃን ነበርክ፤ እሷ አሥራ ሰባቷ። መኪናው ሲወጣ ቆማ ያየች እሷ ናት። በፍርሃቷ አትፍረድባት።

በዓመቱ መጣህና፣ "ጋሼ፣ ከኔ በኋላ የተቀጠሩት እንኳ ተራራ ወጡ። የኔ ተራ መቼ ነው?" አልከኝ።

አፌ ላይ የመጣልኝ፣ "ሽማግሌው እምቢ አሉ" የሚል ሆነ።

"ምን ጎደለው አሉ?"

"እሳቸው ምክንያት ይናገራሉ እንዴ? አንዴ እምቢ ካሉ እምቢ ነው።"

እሳቸው ግን ስለ አንተ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ስምሪቱን እኔን አምነው ትተውልኝ ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔዋ ግን እያደር ከበደች።

አሁን የባሰውን ልንገርህ። በሰባተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያ ልጅህን አይተን ከቤትህ ስንመለስ፣ እህትህ መንገድ ላይ ቆመችና "ልቀቀው" አለችኝ። "የፈራሁት እኔ ነኝ፤ እሱ ምን አጠፋ? መሐላህን ፈትቼልሃለሁ።" እሺ አልኳት። ቅዳሜ መጣ፣ ሌላ ቅዳሜም መጣ፤ አልለቀቅኩህም። ስምህን ተራራው ላይ ብጽፈው ሮጠህ ሽማግሌው ዘንድ ለምስጋና ትገባለህ፤ እሳቸውም "እኔ መቼ ከለከልኩህ?" ይሉሃል። ያን ጊዜ እኔ ምን ልባል ነው? እህትህ ስትጠይቀኝ ደግሞ "ራሱ እምቢ አለኝ፤ መስመሩን ለምዶታል" አልኳት። ደስ አላት። እግዚአብሔር ይመስገን ብላ እንዳመነችኝ ሞተች። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰባት ዓመት የእሷ ፍርሃት ነው፤ የቀረው ሃያ አንድ ግን የኔ ብቻ ነው። እጄ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ከሥራ ስወጣ እንኳ ተተኪዬ የኔን ወረቀት እንዳለ ገለበጠው።

ሽማግሌውም ነገሩ ግራ ገብቷቸው ነበር። አንድ ቀን ጋራዡ በር ላይ፣ "ይሄ የሚስትህ ወንድም ምን ሆኖ ነው? ሰላም ስለው መሪውን ነው የሚያየው" አሉኝ። "ጠባዩ ነው ጌታዬ" ብዬ አለፍኩ። አንተን ለእሳቸው፣ እሳቸውን ለአንተ አማሁ። ሲቀበሩ አውቶቡሱ ሁሉ ግማሽ ሰዓት በያለበት ቆመ፤ ያንተ ብቻ ሰዓቷን ጠብቃ አለፈች። "ውለታ ቢስ!" ብለው ሾፌሮቹ በሙሉ ሲሰድቡህ እኔ መካከላቸው ቆሜ ነበር። አፌን አልከፈትኩም።

እህትህ ካረፈች ወዲህ አባታችን ሆይ ስል "በደላችንን ይቅር በለን" ላይ ስደርስ ዘልዬው አልፋለሁ። አንተ ደግሞ እሑድ እሑድ መምጣትህን አልተውክም። ባለፈው የወጥ ቤቱን ቧንቧ ልትሠራልኝ መሬት ተንጋለህ፣ "ጋሼ፣ ሃምሳ አምስት ልሞላ ሦስት ሳምንት ቀረኝ። በደንቡ ሾፌርነት በቃ። ያ ሰውዬ ሞቶም አልለቀቀኝ!" ብለህ ሳቅህ። ከዚያ ብሎኑን እያጠበቅክ፣ "ለነገሩ ካንተ ሌላ ማን ዘመድ አለኝ?" አልክ። የያዝኩልህ መፍቻ ከእጄ ወደቀ። "አረጀህ እኮ!" አልከኝ።

ከትናንት ወዲያ የሽማግሌው ልጅ ቢሮ ገባሁ። አሁን ሥራ አስኪያጇ እሷ መሆኗ በጀኝ። ተቀመጡ ብትለኝ እምቢ ብዬ ቆሜ ነገርኳት።

"አባቴ እኮ እስኪሞቱ ድረስ 'ምን በድዬው ነው?' ይሉ ነበር" አለችኝ።

"ከመሰናበቱ በፊት አንድ ጊዜ ተራራውን ይንዳ፣ ልጄ።"

"ጋሼ፣ ሃምሳ ሰው ለእርስዎ ንስሐ አይሳፈርም።"

እውነቷን ነው። ቢሆንም ፋይልህን አስመጣች። ሃያ ስምንት ዓመት፤ አንድ ጭረት የለበትም። ገጹን ደጋግማ ገለጠችና የተራራውን አንጋፋ ሾፌር ጠራች። ረቡዕ ባዶ አውቶቡስ ይዘህ ከሱ ጋር ትወጣለህ። አነዳድህን አይቶ ከመሰከረልህ ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተሳፋሪ ይዘህ፣ እሱም ከጎንህ ሆኖ፣ ማዶ ከተማ ትደርሳለህ። የፈረመችበትን ወረቀት እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ባትፈልግ ማንም አያስገድድህም፤ የምትመርጠው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ነህ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ልወጣ ስል፣ "ለእሱ ይህን አደረግን። ለአባቴስ?" አለችኝ።

ወንድሜ፣ የፋብሪካው መስመር ትንሽ አይደለችም ብዬ አላጽናናህም። ሠራተኛው አንተን አይቶ ሰዓቱን እንደሚሞላ፣ አሮጊቶቹ የሌላውን አውቶቡስ አሳልፈው አንተን እንደሚጠብቁ ግን አያለሁ። መስመሯን ያስከበርካት አንተ ነህ፤ እኔ ምንም ድርሻ የለኝም። ይቅርታህንም ዛሬ አልጠይቅህም። ከእሱ የሚቀድም ሥራ ነበረብኝ።

ዛሬ ጠዋት ሾፌሮቹ ለመውጣት ሲሰበሰቡ ግቢው ደረስኩ። አንተ የመጀመሪያውን ጉዞ ይዘህ ወጥተህ ነበር። ይህን ሰዓት የመረጥኩት ሳላስጠነቅቅህ በሰው ፊት እንዳላስደነግጥህ ነው፤ ዓይንህን ለማየትም ስላልደፈርኩ ነው። ክላክስ የምትሉት ያ አፈኛ ገና ሲያየኝ፣

"ጋሼ፣ ጡረታው ሰለቸህ? ዛሬ ደግሞ ማንን ልታሰማራ ነው?" አለ። ሁሉም ሳቁ።

አንዱ አውቶቡስ ደረጃ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። "ሽማግሌው መወርወሪያን ተራራ ከልክለውት አያውቁም" አልኩ። "የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ በስማቸውም የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሱም ውለታ ቢስ አይደለም፤ በኔ ውሸት ነው የተቀየማቸው።"

ክላክስ ሳቁን ዋጠ። "እኛ እኮ በቀብራቸው ዕለት እሱን ነበር የሰደብነው!"

"አዎ። እኔም ቆሜ እሰማ ነበር።"

ሞተራቸውን አስነስተው አንድ በአንድ እስኪወጡ ድረስ ከደረጃው ወርጄ ግቢው በር ላይ ቆሜ እያንዳንዳቸውን ዓይን ዓይናቸውን አየሁ።

የእህትህ ባል